የሌንስ ሣጥን

ሰኞ፣ የካቲት 3

...እና ከመጎናጸፊያው ጠርዝ ሥር አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ታየኝ። ብረት ነው። የሣጥን መቆለፊያ ዓይነት። ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ እጄን ይዛ ወደ መሬት ስትጎትተኝ፣ ግንባሬ አፈር ሳይነካ በፊት፣ አባባ አናት ላይ ካለው ነገር ሥር መቆለፊያ አየሁ። ለብዙ ዓመት ታቦት ሁሉ መቆለፊያ ያለው ይመስለኝ ነበር። ማንንም አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶብኛል። እልልታ፣ የአህያ ሽታ፣ ከዚያ ባዶ።

ይህ ትዝታ ዛሬ ለምን መጣ? አቶ ምናሉ ስለደወለ ነው።

ምናሉ የዝግጅቱ ኮሚቴ ኃላፊ ነው። ቅዳሜ እዚህ ጎንደር አንድ ጀርመናዊ የፊልም ዳይሬክተር ይሸለማል። ስሙ ዲትማር ክሮልባህ። ከሠላሳ ዓመት በፊት በእኛ አገር፣ ወገራ ላይ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ፊልም ሠርቷል። ፊልሙ በውጭ አገር ትልቅ ሽልማት አግኝቷል፤ እዚህ አንድም ቀን ታይቶ አያውቅም። ቅዳሜ ይታያል። የእኔ ሥራ የሰውየውን የሕይወት ታሪክ ለዝግጅቱ መጽሔት አራት ገጽ አድርጎ መጻፍና መድረክ ላይ አጠገቡ ቆሞ ማስተርጎም ነው።

«ለጥምቀት ነበር የሚመጣው፤ ጉልበቱን አሞት ቀረ» አለኝ ምናሉ። «መምህርት፣ ሸጋ ሸጋውን ብቻ ጻፊልኝ። ሰውየው የጎንደር ወዳጅ ነው።»

«ፊልሙን አይተኸዋል?»

«እ... በከፊል።»

አላየውም።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽንም ይዘሽ ነይ እንጂ። ፊልሙ ላይ ያሉት ቄስ እሳቸው ናቸው አሉ። መድረክ ላይ ከሰውየው ጋር እናገናኛቸዋለን። ሰው ያለቅሳል!»

ሰው ያለቅሳል። ወንበር ይከራያል፣ ድንኳን ይተከላል እንደሚል ሰው ነው ያለው።

አባባ ሰባ ዓመታቸው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ያ ፊልም በተሠራ በዓመቱ ቅስናቸውን ትተው ወደ ከተማ ወረዱና ወፍጮ ቤት ተቀጠሩ። ቄስ ተገኘ መባላቸው ቀርቶ አያ ተገኘ ሆኑ። እሑድ እሑድ ለማስቀደስ ይሄዳሉ፤ ከቅጥሩ ግን አያልፉም። ዝናብም ቢሆን ውጭ፣ ከካቡ ሥር ናቸው። «ጉልበቴን ያመኛል፣ ውስጥ መቆም አልችልም» ይላሉ። ውጭም የሚቆሙት በዚያው ጉልበት ነው።

አልነገርኳቸውም። ነነዌ ገብቷል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። ሲበሉ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በሉ። ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ስለ ዲትማር የተላከልኝ ሰነድ ሠላሳ ገጽ ነው። ራሱ ነው ስለ ራሱ የጻፈው። መብራት እስከ አምስት ሰዓት አልመጣም፤ በስልኬ አነበብኩት፤ ዓይኔ ያቃጥለኛል።

ያወጣሁት ማስታወሻ፦

ጦርነቱ ባለቀበት የብርድ ወራት ተወለደ። ቤታቸው ፈርሶ ስለነበር እናቱ የወለደችው ምድር ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ከግንባር አልተመለሰም። እናቱ የሆስፒታል አንሶላ ትተኩስ ነበር።

አጎቱ ሲኒማ ቤት ማሽን ያሽከረክር ነበር። ልጁ ከማሽኑ ክፍል፣ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል፣ ፊልሙን ትቶ የተመልካቾቹን ፊት እያየ አደገ። (እዚህ ላይ ወደድኩት። ልዋሽ አልችልም። ይህችን እኔ ብጽፋት ብዬ ቀናሁ።)

የፊልም ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ መለሰው።

የመጀመሪያው ፊልሙ የእናቱ አሟሟት ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት። አልጋዋን ወደ መስኮት አስጠጋው፤ ለብርሃን። ነርሷ ይበርዳታል ስትለው «አምስት ደቂቃ ብቻ» አላት። ይህን እሱ ራሱ ነው የሚያወራው፤ ጎበዝ ተማሪ የፈተና ውጤቱን እንደሚያወራ። ተሸለመ።

ሁለተኛው፦ ባሎቻቸው ባሕር ላይ የቀሩ የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች። እንደ ዱሮው ዳርቻው ላይ ቆመው ባሎቻቸውን እንዲጠብቁ አደረጋቸው። ሦስት ቀን። «በሁለተኛው ቀን ከምራቸው መጠበቅ ጀመሩ» ይላል። ተሸለመ።

ሦስተኛው የእኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንም ያላያቸው ሦስት ፊልሞች፣ ሁለት ፍቺ፣ የማስተማር ሥራ፣ ጡረታ። አሁን ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ በየአገሩ እየዞረ ስለዚያ ዘመን ያወራል።

የመጀመሪያውን ገጽ ጻፍኩ። «የሰውን ልጅ ሐዘን በጥልቀት የተመለከተ ታላቅ የጥበብ ሰው።» ይህን የጻፈችው የእኔ እጅ ናት። አነበብኩት፤ አፌ ውስጥ የዛገ ጣሳ ጣዕም መጣ። ተነሥቼ ተጉመጠመጥኩ። ተመለስኩ። ዓረፍተ ነገሩ አለ። የሚያስጠላው ደግሞ ጥሩ መሆኑ ነው፤ አይጎረብጥም።

እኔስ? በሁለተኛው ልብ ወለዴ የእናቴን ሕመም አስገብቻለሁ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እግሯን እያሸሁ፣ ለትንፋሿ ቃል እመርጥ ነበር። ሁለት ቃል ይዤ ለረጅም ጊዜ አመነታሁ። አልጋውን አላንቀሳቀስኩም። ይህ ብቻ ነው ልዩነቱ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ገጽ አሥራ ዘጠኝ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፤ ሌላ ቦታ አላስቀምጠውም።

«የካሜራ ዕቃችን አዲስ አበባ ጉምሩክ ተይዞ ቆየ። ተራራው ላይ ስንደርስ ጥምቀት ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ግድ የለም አልኳቸው፤ ውኃው ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። ካህናቱ ታቦቱን አናወጣም አሉ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የሌንስ ሣጥኔን በወርቀ ዘቦ ጠቅልለን ቄስ ተገኘ ራስ ላይ ጫንነው። ከገበያ የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ መሬት ላይ ወደቀ። ለሌንሱ የተሰገደለት ብቸኛው ዳይሬክተር እኔ ሳልሆን አልቀርም። ይህን በሄድኩበት አገር ስናገር አዳራሹ በሳቅ ይሞላል።»

መቆለፊያው።

ስልኬን ፊቱን ወደ ታች ደፋሁት። ጓሮ ወጣሁ።  እናቴ ታውቅ ነበር? እጄን የያዘችበትን ጥንካሬ አስታውሳለሁ። የምታውቅ ሰው እንደዚያ አትጎትትም። እናቴ ለሣጥን ሰግዳ ሞተች።

አባባ ጥላው ሥር ተቀምጠው ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ። በዓይናቸው አዩኝ። «ምነው?» አሉ። «ምንም፣ ጨጓራዬ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሠራሁ። ሠላሳውን ገጽ አራት አደረግሁት፤ ገጽ አሥራ ዘጠኝን ዘለልኩት። «በጎንደር ደጋማ ምድር የማይረሳ ሥራ ሠርቷል።» አለቀ። ለምናሉ ላክሁለት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሰ፤ «እጅግ ሸጋ!! ማተሚያ ቤት ገብቷል።» አሥር ደቂቃ ለማንበብም አይበቃም፤ ይሁን። ድል አደረግሁ። ማንም አያውቅም። አባባ መሄድ ካልፈለጉ ታመዋል እላለሁ፤ ፊልሙ ላይ የሚታየው የተሸፈነ ነገር የተሸከመ ቄስ ነው፤ ማን ገልጦ ያያል?

ቀለል ብሎኝ እንጀራ በሹሮ በላሁ። ነነዌም ዛሬ ያበቃል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

መጣ። አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ተቀበልነው። ረጅም ነው፤ ጎብጧል፤ ጆሮው ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ አለ። ጋቢ ለብሶ ነው ከአውሮፕላኑ የወረደው። ምናሉ «አየሽ፣ የእኛ ሰው እኮ ነው!» አለ።

ሆቴሉ ፒያሳ አጠገብ ነው። ምሳ ላይ ሦስት ነበርን። ምናሉ ሦስት ቀን የጾመበትን በአንድ ቀን ሊመልስ ጥብስ አዘዘ። ዲትማር ቢራውን እንደቀመሰ ጀመረው። ጉምሩኩን። ሦስቱን ሳምንት። ሣጥኑን። ሲያወራ ምናሉን አያይም፤ ያየው የነበረው የእኔን ፊት ነው። በግድግዳ ቀዳዳ እንደሚያይ ልጅ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም። «ሰገዱ!» አለና ጠረጴዛውን መታ። ሳቀ። ምናሉም ሰውየው ስለሳቀ ሳቀ።

«ምን አለ? ምን አለ?»

«ሕዝቡ በጣም እንግዳ ተቀባይ ነበር ይላል።»

ምናሉ ሹካውን አስቀመጠ። «ይህን ሁሉ አውርቶ ይህችን ብቻ?»

«ሲያወራ ያስረዝማል።»

«ሣቁስ?»

«ሲደሰት ይስቃል።»

«ታድሎ» አለና ወደ ጥብሱ ተመለሰ።

አስተናጋጁ ግን ሳህን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የቱሪስት ሆቴል አስተናጋጅ ነው፤ እንግሊዝኛው ከእኔ አያንስም። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሳህኑን አስቀመጠ፣ በቀስታ፣ እንደሚሰበር ነገር። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ነው ያስተናገደን።

ያኔ ገባኝ። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የሆስፒታል ሐኪሞች፣ ተማሪዎች ናቸው። ግማሾቹ እኔን አይጠብቁም፤ ከእሱ አፍ ነው የሚሰሙት። መድረክ ላይ ብዋሽ ሁለት ውርደት ይሆናል።

«ቅዳሜም በዚህ ታሪክ ነው የምጀምረው» አለኝ ደረጃውን ስንወጣ፣ ክንዴን ይዞ። «ሰውን ይከፍታል።»

ከዚያ ስለ እኔ ጠየቀኝ። ልብ ወለድ እንደምጽፍ ምናሉ ነግሮታል። አገሩ ውስጥ ለደራሲዎች ቤት የሚሰጥ አንድ ማኅበር ያውቃል፤ ስድስት ወር፣ ሐይቅ ዳር፣ ጸጥታ። «አንድ ደብዳቤ ብጽፍ ይበቃል» አለ።

አመሰግናለሁ አልኩ። ወዲያውኑ፣ ሳላስብ። ፈገግም ብያለሁ። ፈገግታዬ እስከ አራዳ ድረስ ፊቴ ላይ ደርቆ ቀረ። የባጃጁ ሹፌር በመስታወት አየኝና «እመቤት፣ የምሥራች ነው?» አለኝ።

ሐይቁ ምን ዓይነት ቀለም ይኖረው ይሆን ብዬ አስብ ነበር። ይህንንም ልጻፈው።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ነገርኳቸው። ጠዋት፣ ግቢው ውስጥ፣ ስንዴ እየለቀሙ ሳለ። ሰነዱን ቃል በቃል በአማርኛ አነበብኩላቸው። እጃቸው አልቆመም። ጠጠሩን ወደ ግራ፣ ስንዴውን ወደ ቀኝ። ስጨርስ፣

«ሐሳቡ የእሱ አይደለም» አሉ። «የኔ ነው።»

ከዚያ ነገሩኝ። እንዳሉት ለመጻፍ እሞክራለሁ።

«አለቃው እምቢ አሉ። አስተርጓሚው ግን አልለቅ አለ። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት። ለማስተማሪያ ነው፣ የፈረንጅ ልጆች ይማሩበታል ይላል፤ መልሶ ደግሞ ትእዛዝ ከላይ ይመጣባችኋል ይላል። ፈራሁ። በግድ የሚያወጡብን መሰለኝ። አንድ ነገር ጠቅልለን እንስጣቸውና ይሂዱልን፣ ታቦቱ ከመንበሩ አይነቃነቅ አልኩ። ሸጋ ብልሃት መስሎኝ፣ የሺ። ታቦቱን ያዳንሁ መስሎኝ።

«ቅዳሜ መሆኑን ዘነጋሁት። ደወሉ ይደወል አሉ፤ ተደወለ። እኛ ከቅጥሩ እስከ ወንዙ ሄደን የምንመለስ፣ ሰው የማያየን መስሎናል። ገበያተኛው ደወሉን ሰማ። ጭነቱን እያወረደ መጣ። ጫማውን እያወለቀ። እናትሽም አለች፤ አንቺም አለሽ። ምን ልበል? ሣጥን ነው፣ ተነሡ ልበል? እግሬ ዝም ብሎ ተራመደ።

«አንዲት ሴት መጣች፤ ትኩሳት ያነደደው ሕፃን ታቅፋ። ከፊቴ መንገዱ ላይ አስተኛችው። ጃንጥላ ተሳለች፤ ጮኻ፣ ሁሉም እየሰማ።»

ዝም አሉ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ዳነ።»

ስንዴው ውስጥ አንድ ጠጠር ፈልገው አገኙ።

«በሁለተኛው ወር ጃንጥላውን ይዛ መጣች። ቀይ፣ ዘርፉ ቢጫ። ምን ሸጣ እንደገዛችው እንጃ። ከእጇ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይቀበልልሽ አልኋት። ከዚያ በኋላ መቅደስ መግባት አቃተኝ።»

«ለንስሐ አባትዎ አልተናገሩም?»

«ስለ ሣጥኑ ተናግሬያለሁ። ቀኖናዬን ሰጡኝ፣ ፈጸምሁ። ስለ ልጁ ግን አልተናገርሁም። ምን ብዬ? ሞቶ ቢሆን እንዴት እንደሚነገር አውቀው ነበር።»

ሴትዮዋ አለች። አምባ ጊዮርጊስ ናት። ልጁም አድጎ ሁለት ወልዷል። ስሙን አልጽፈውም። በየዓመቱ ጥምቀት ሲሆን ያን ጃንጥላ የሚይዘው እሱ ነው አሉኝ።

«ስለ እኔ አይደለም» አሉ አባባ። «እኔን ይስቁብኝ። አዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ስልክ አለው። ቅዳሜ እዚህ የተወራ ቅዳሜውን እዚያ ይሰማል። ምን ይሏታል? ሣጥን ነው ልጅሽን ያዳነው ይሏታል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ነገ አፍሽ የማን ነው፣ የሺ?»

 ተነሥቼ ባጃጅ ያዝኩ።

አሁን የሚመጣውን መጻፍ አልፈልግም። ስለማልፈልግ እጽፋለሁ።

ዲትማር የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የዚያ ቄስ ልጅ ነኝ አልኩት። ተነሥቶ አቀፈኝ። ጋቢው አዲስ ጨርቅ ይሸታል። እባክህ ነገ ይህን አትናገር አልኩት።

«ግን እውነት ነው» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እውነት ለመናገር ነው።»

«ሰዎቹ አሉ። በሕይወት አሉ።»

«ስም አልጠራም።»

«ፊታቸው ስክሪኑን ሞልቶት ይታያል።»

«አዎ!» አለ፤ ደስ አለው።

«አንቺ ደራሲ ነሽ» አለኝ ቀጥሎ። «ታሪክ የደረሰበት ሰው ንብረት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።» ይህን ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ብያለሁ። በሌላ ቃል፣ የተሻለ አድርጌ።

እንዴት ላሸንፈው? የነበረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይራራ ይሆን ብዬ ስለ ሴትዮዋ ነገርኩት። ስለ ሕፃኑ። ስለ ትኩሳቱ። ስለ ጃንጥላው። አሳምሬ ነገርኩት፤ አውቅበታለሁ ይህን ነገር፤ የት ላይ ዝም እንደሚባል፣ የት ላይ ቀይ ጨርቅ እንደሚገባ። «ዳነ» ከማለቴ በፊት ትንሽ ቆየሁ፤ ልክ አባባ እንደቆዩት። ሰረቅኳቸው።

ዓይኑ እንባ ሞላ። እውነተኛ እንባ። ተሳካ ብዬ ነበር።

እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ሠላሳ ዓመት» አለ። «ሠላሳ ዓመት ይህ ፊልም መጨረሻ የለውም ስል ኖርኩ። አሁን አመጣሽልኝ።» ከዚያ፦ ሴትዮዋ ስንት ሰዓት መንገድ ላይ ናት? ነገ መኪና ቢላክላት ትመጣለች? ልጇስ? ጃንጥላውን ይዞ መድረክ ላይ ቢወጣ!

ሰው ልኮ ምናሉን አላስጠራም፤ ስልኩን ብቻ አነሳ። ሲደውልለት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ምናሉ እንግሊዝኛው ስለማይበቃው ስልኩ ወደ እኔ ተሰጠ። «ምን ይላል?» አለኝ ምናሉ።

«ደክሞታል ይላል። ነገ ያነጋግርሃል።»

ዘጋሁት። ዲትማር አየኝ። እንዳልተረጎምኩ አውቋል። አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ፊቴን ያየው ነበር፤ በደንብ፣ ሳይቸኩል።

እቤት ስገባ አባባ ስንዴውን ጨርሰዋል። ያደረግሁትን ነገርኳቸው። ሁሉንም። አልጮኹም። ሰፌዱን ግድግዳው ላይ ሰቀሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ራሴን ነካሁት፤ ፊቴን፣ አፌን። አፌ ንጹሕ ይመስላል ከውጭ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስነሣ አባባ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጥቁሩን ኮት። ጫማቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገውታል።

«ሰውየው ያለበት ውሰጅኝ» አሉ።

«ዝግጅቱ ስምንት ሰዓት ነው አባባ።»

«ዝግጅቱን ማን ጠየቀሽ።»

ባጃጅ ያዝን። ፒያሳ ላይ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ አንድ ሰው ባንኩ በር ላይ የፊልሙን ፖስተር እየለጠፈ ነው። ፖስተሩ ላይ ያለው ፊት የአባባ ነው። ወጣት ናቸው። ጺማቸው ጥቁር። ከራሳቸው በላይ ያለውን ነገር ቆርጠውታል፤ ለጽሑፍ ቦታ ፈልገው። «እርስዎ ነዎት እኮ አባት!» አለ ሹፌሩ ዘወር ብሎ። አባባ ወደ ሌላ መንገድ አዩ።

ምናሉ ሁለት ጊዜ ደውሏል። አላነሳሁም። በጽሑፍ ላከ፤ «ሰውየው አምባ ጊዮርጊስ መኪና ይሂድ ይላል፣ ማንን ለማምጣት ነው??» ሌላ ሰው አስተርጉሞለታል ማለት ነው። ወይም እጁን እያወናጨፈ ተግባብተዋል። መኪናው ሄዶ እንደሆነ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን የምጽፈው ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በንግግሩ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሬ ቤት ቀርቷል።

ደረጃውን አባባ ቀድመውኝ ወጡ። ያ የሚያማቸው ጉልበት።

አንኳኳሁ። ዲትማር በካልሲ ከፈተ። ጸጉሩ ቆሟል፤ የጆሮ መሣሪያውን አላደረገም። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ አባባን። ለቅጽበት አላወቃቸውም። ከዚያ አወቀ። ፊቱ የተከፈተበትን መንገድ መካድ አልችልም፤ ዘመድ እንዳየ ሰው ነው። እጆቹን ዘርግቶ መጣ። አባባ አልተጠጉም፤ አልሸሹም። እጆቹ አየር ላይ ትንሽ ቆዩና ወረዱ።

ከኋላው ክፍሉ ይታያል። ያልተነጠፈ አልጋ፣ ወንበር ላይ የተጣለ ጋቢ፣ ላፕቶፕ። ስክሪኑ ላይ ፊልሙ ቆሟል፤ አንድ ወንዝ፣ ብዙ ነጭ ልብስ።

«ምን ልበልልዎት?» አልኩ አባባን። ተዘጋጅቼ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቃል ስመርጥ ነው ያደርኩት፤ ልመናውን፣ ዛቻውን፣ ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ይዤአለሁ። «አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። ምንም አልጨምርም።»

«አንቺ እዚህ ቆዪ።»

«አባባ፣ ቋንቋውን አይችሉም እኮ። እሱም አማርኛ አያውቅም። አሁን ደግሞ ጆሮውም...»

«ያን ጊዜ አስተርጓሚ ነበረን» አሉ።

ዲትማር አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ እሳቸውን ያያል። «ምን ይላሉ?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ።

አባባ ጫማቸውን የበሩ ደፍ ላይ አወለቁ። ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡት። ገቡ፤ በትከሻቸው ሰውየውን በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት፤ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው እጀታውን ፈለጉ፤ አገኙት፤ በሩም ተዘጋ።